ኦክሳይዱስ የት ሄደ?

እንደምን አረፈዳችሁ!

ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ድረስ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተሰልፋችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ከሳሪስ፣ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ የመጣችሁም አላችሁ። ከዚሁ ከአቃቂ፣ ከጎናችን ካሉት ብረታ ብረት ቤቶች የሥራ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ የገባችሁትንም አይቻለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። የዛሬው ወሬ የብረት ወሬ ነው። ብረትን በእጃችሁ የምታውቁት እናንተ ስትኖሩ እኔም ደፈር ብዬ አወራለሁ።

ርዕሱ ላይ ያያችሁት ጥያቄ የኔ አይደለም። ከዓመታት በፊት የማስተርስ ጥናቴን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ የጠየቁኝ ነው። ሥራዬ አንዲት ትንሽ የቲታኒየም ዝርግ ነበረች። በብርጭቆ ወረቀት አሸኋት፣ አጠብኳት፣ አሲድ ውስጥ ነከርኳት፣ ለካኋት። ማሽኑ ቁጥር ሰጠኝ። ቁጥሩን ወሰድኩና ከሥሩ «የድርብ ንብርብሩ ካፓሲታንስ» ብዬ ጻፍኩ። ስሌቱ ልክ ነበር። ግራፉም ያምር ነበር። ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ገጹን ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ ኦክሳይዱስ የት ሄደ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ኦክሳይድ ማለት ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ገጹ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። ፈተናውን አልፌአለሁ፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አብሮኝ አለ። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው።

መጀመሪያ ድርብ ንብርብር ምን እንደሆነ እንግባባ። ቤተ ሙከራ ውስጥ «ደብል ሌየር» ነው የምንለው። አንድ ብረት ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ስትነክሩ በብረቱ ገጽ ላይ ትንሽ ቻርጅ ይሰበሰባል። ኤሌክትሮን በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ጎድሎም ሊሆን ይችላል። ውሃው ውስጥ ያሉት አዮኖች ይህን ዝም ብለው አያዩም። ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ወደ ብረቱ ይጠጋሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ርቀት ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ብዙም አይበልጥም፤ ወደ 0.3 ናኖሜትር ነው። እንግዲህ ሁለት ተቃራኒ ቻርጆች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። ሬዲዮ ወይም ቻርጀር ፈታታችሁ የምታውቁ ይህን ነገር በስሙ ታውቁታላችሁ። ካፓሲተር ነው፤ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ። ማንም ሳይሠራው ራሱን የሠራ ካፓሲተር።

ካፓሲተር ውስጥ ክፍተቱ በጠበበ ቁጥር የሚይዘው ቻርጅ ይበዛል። ለዚህ ነው የዚህ ነገር አቅም፣ ማለትም በፋራድ የሚለካው ካፓሲታንሱ፣ የሚገርመው። ኦክሳይድ በሌለበት ንጹህ ብረት ላይ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 40 ማይክሮፋራድ ይሆናል። የጥፍራችሁን ያህል ቦታ ነው። በዚያ ጠባብ ክፍተት ላይ 1 ቮልት ቢያርፍ የኤሌክትሪክ መስኩ በሜትር ከቢሊዮን ቮልት በላይ ይደርሳል። ደረቅ አየር በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ላይ ብልጭታ ያወጣል። መብረቅ ሰማይ ላይ የማያገኘውን መስክ እናንተ ጨዋማ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያነሳው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1853 ጀምሮት በ1879 አስፋፋው። እሱ አዮኖቹን በአንድ ረድፍ አሰለፋቸው። ጉዊ በ1910፣ ቻፕማን ደግሞ በ1913፣ «አይ፣ አዮን ሙቀት አለው፣ ይንቀሳቀሳል፣ በአንድ ረድፍ አይቆምም» አሉ። በ1924 ኦቶ ሽተርን ሁለቱን አስታረቃቸው። የጥምቀትን ቀን አስቡት። ታቦቱ ሲወጣ ከሥሩ ያሉት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት። ራቅ ስትሉ ሕዝቡ እየሳሳ ይመጣል፤ ከዳር ያለው እንደልቡ ይራመዳል። ሽተርን የሣለው ሥዕል እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተጣበቀ ረድፍ አለ፤ ከሱ ወዲያ እየሳሳ የሚሄድ ጭፍራ አለ።

ይህን ሁሉ በቁጥር ያረጋገጡት ሰዎች በምን ብረት ላይ ለኩ? በሜርኩሪ። አሜሪካዊው ዴቪድ ግራሃም በ1947 ያወጣው ትልቅ ጽሑፍ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ማዕከሉ ሜርኩሪ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሜርኩሪ ፈሳሽ ነው። ጠብታው በየጊዜው ይታደሳል። ገጹ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። በሚለኩበት የቮልቴጅ ክልል ደግሞ ኦክሳይድ የለበትም። መጽሐፉ ላይ የምታዩት የሚያምር ኩርባ የመጣው ከዚያ ነው።

እኛ ግን ሜርኩሪ ይዘን አይደለም ወደ ቤተ ሙከራ የምንገባው። አሉሚኒየም፣ ቲታኒየም፣ ኒኬል፣ ስቴንለስ ነው የያዝነው። እነዚህ ሁሉ ቆዳ አላቸው።

ስለ ቆዳው ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

እናቶቻችን የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲያሹ ድስቱ እንደ ብር ያበራል። ግን አየር ከነካው ቅጽበት ጀምሮ አዲስ የኦክሳይድ ቆዳ ይለብሳል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም። ይህን ቆዳ ከማንም በላይ የምታውቁት ግን በያጆች ናችሁ። አሉሚኒየም ለምን እንደሚያስቸግራችሁ ታውቃላችሁ። ብረቱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቆዳው ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ንክች አይልም። ውስጡ ቀልጦ ውጪው እንደ ከረጢት ይዞት ይቀራል። በአርጎን ስትበይዱ ተለዋዋጭ ከረንት የምትጠቀሙት ያንን ቆዳ ለመስበር ነው። እንግዲህ እናንተን ያስቸገረው ቆዳ እኛንም ያስቸግራል። የኛን ችግር የሚያከብደው ድምፅ ስለሌለው ነው። ብየዳ ሲበላሽ ይታያል። የኛ ቁጥር ሲሳሳት ግን ትክክለኛ ቁጥር መስሎ ይቀመጣል።

ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ከሆነ እሱም ራሱን የቻለ ካፓሲተር ነው። ባንድ በኩል ብረቱ፣ በሌላ በኩል ውሃው፣ በመሃል ኦክሳይዱ። ስለዚህ ብርጭቋችሁ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ኋላ በተከታታይ ተቀጥለዋል።

እንስላው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ፣ ማለትም መሃል ሲገባ ካፓሲታንሱን ከባዶ ክፍተት ስንት እጥፍ እንደሚያሳድገው የሚናገረው ቁጥር፣ 9 ገደማ ነው። ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ቢሆን በስኩዌር ሴንቲሜትር ወደ 4 ማይክሮፋራድ ይሰጣል። ድርብ ንብርብሩ 20 ማይክሮፋራድ ነው እንበል። ሁለቱ በተከታታይ ሲሆኑ ስንት ይሆናሉ? 24 ያላችሁ አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። ካፓሲተር በተከታታይ ሲቀጠል አይደመርም። የሚደመረው ግልባጩ ነው። አንድ ሲካፈል ለ4፣ ሲደመር አንድ ሲካፈል ለ20። ውጤቱን ስትገለብጡት 3.3 ማይክሮፋራድ ታገኛላችሁ።

እዩት እስቲ። 20 የነበረው የት ገባ? መንገዱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን መሃል ላይ ጠባብ ድልድይ ካለ መኪናውን የሚወስነው ድልድዩ ነው። የቃሊቲን መንገድ የምታውቁ ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። እዚህም ትንሹ ካፓሲተር ነው የሚገዛው። ድርብ ንብርብሩ ከ20 ወደ 40 እጥፍ ቢል እንኳ ድምሩ ከ3.3 ወደ 3.6 ብቻ ነው የሚሄደው። ማሽኑ ላይ 3.3 አንብባችሁ «የድርብ ንብርብሩ አቅም 3.3 ነው» ካላችሁ የለካችሁት ድርብ ንብርብሩን አይደለም። ድልድዩን ለክታችሁ የመንገዱ ስፋት ነው ብላችኋል። እኔ ያደረግሁት በትክክል ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው እንሂድ።

መሣሪያው ፖቴንሺዮስታት ይባላል፤ የብረቱን ቮልቴጅ እየተቆጣጠረ ከረንቱን ይለካል። ሂክሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1942 ነው ያስተዋወቀው። ሦስት ኤሌክትሮድ ይፈልጋል። አንደኛው የምታጠኑት ብረት ነው። ሁለተኛው ከረንቱን የሚያሟላ ነው። ሦስተኛው የቮልቴጅ መነሻ የሚሆን ማጣቀሻ ነው፤ እኛ የብርና የብር ክሎራይዱን ነው የምንጠቀመው። ቀላሉ መንገድ ሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ነው። ቮልቴጁን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ላይ ትወስዱታላችሁ፣ ከዚያ ትመልሱታላችሁ። ካፓሲተር ከሆነ ከረንቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል። በሰከንድ 10፣ 20፣ 50፣ 100 ሚሊቮልት ትሞክራላችሁ። ከረንቱን ከፍጥነቱ ጋር በግራፍ ታስቀምጡታላችሁ። የመስመሩ ስሎፕ ካፓሲታንሱ ነው። የመውጫውንና የመመለሻውን ልዩነት ከወሰዳችሁ ስሎፑን ለ2 ማካፈል አትርሱ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይስታል።

ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ከረንቱ ግን ምን ያህል እንደሆነ አስቡ። 20 ማይክሮፋራድ ያለው 1 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገጽ በሰከንድ 100 ሚሊቮልት ቢነዳ የሚወጣው 2 ማይክሮአምፒር ነው። በ10 ሚሊቮልት ከሆነ 0.2 ብቻ። አሉሚኒየም ከሆነ ከዚያም በብዙ ያንሳል። ይህ ትንሽ ነገር ሌላ ከረንት በቀላሉ ይውጠዋል። አንዱ ጠላት ውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃችን ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ከሚታየው ያንሳል። ያንሳል ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ናይትሮጅን እያስገባችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስወጡት።

ውሃውንም አደራ። የአቃቂ ጉድጓዶች ለከተማው ብዙ ውሃ ይሰጣሉ፤ ለመጠጥ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ኤሌክትሮዱን በቧንቧ ውሃ አጥባችሁ ካደረቃችሁት ሌላ ቆዳ ጨመራችሁበት ማለት ነው። የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ውሃ ይሁን፤ ሬዚስቲቪቲው 18.2 ሜጋኦም-ሴንቲሜትር የሚያሳይ።

አሁን ስለ አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ማንም አይነግራችሁምና። የዛሬው ፖቴንሺዮስታት ዲጂታል ነው። «ቮልቴጁን ቀስ ብዬ አነሳለሁ» ሲላችሁ እውነቱን አይደለም። በደረጃ ነው የሚያነሳው። አንድ ሚሊቮልት ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዘላል። ከረንቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያነበው በደረጃው መጨረሻ ላይ ነው። በሰከንድ 100 ሚሊቮልት ስትሄዱ እያንዳንዷ የ1 ሚሊቮልት ደረጃ 10 ሚሊሰከንድ ትቆያለች። የፈሳሹ ሬዚስታንስ 10 ኦም፣ ካፓሲተሩ 20 ማይክሮፋራድ ቢሆን ካፓሲተሩ የሚሞላበት የጊዜ መለኪያ 0.2 ሚሊሰከንድ ነው። በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያ ጊዜ ሃምሳ ጊዜ ያልፋል። ማሽኑ ሊያነብ ሲመጣ ካፓሲተሩ ሞልቶ፣ ከረንቱ ጠፍቶ፣ ሁሉም አልቋል። ንጹህ ካፓሲተር ቢሆን ማሽኑ ዜሮ ነበር የሚጽፍላችሁ። ዜሮ!

ታዲያ ማሽኑ ላይ ቁጥር ለምን እናያለን? እውነተኛ ገጽ ንጹህ ካፓሲተር ስላልሆነ ነው። ቀዳዳ አለው፣ ሻካራ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚሞላ ክፍል አለው። ቀርቶ የሚታየው እሱ ነው፤ ፈጣኑ ክፍል አምልጧል። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይሆናል። መፍትሔው አለ። አንዳንድ መሣሪያ እውነተኛ አናሎግ አነሳስ አለው። አንዳንዱ ደግሞ ከረንቱን በደረጃው ሙሉ ጊዜ እየደመረ አማካዩን መስጠት ይችላል። የመሣሪያችሁን መመሪያ አንብቡ። ሁለት ወጣቶች አንድ ዓይነት ኤሌክትሮድ በሁለት መሣሪያ ለክተው የተለያየ ቁጥር አግኝተው እርስ በርስ ሲወቃቀሱ አይቻለሁ። ሁለቱም በትጋት ነበር የሠሩት። ልዩነቱ አንድ ምርጫ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ሳጥን።

ሁለተኛው መንገድ ኢምፒዳንስ ነው፤ ገጹ ተለዋዋጭ ሞገድን ምን ያህል እንደሚያግድ መለካት። እዚህ ቮልቴጁን አንድ ቦታ ትተክሉና በላዩ ላይ ትንሽ ሞገድ ታስቀምጣላችሁ፤ 5 ወይም 10 ሚሊቮልት። ሞገዱን ከ100 ኪሎኸርዝ ጀምራችሁ እስከ 0.1 ኸርዝ ድረስ ቀስ በቀስ ታወርዱታላችሁ። ካፓሲተር ፈጣን ሞገድን ያሳልፋል፣ ዘገምተኛውን ያግዳል። 20 ማይክሮፋራድ በ1 ኪሎኸርዝ 8 ኦም ብቻ ነው የሚያግደው። በ1 ኸርዝ ግን 8,000 ኦም ይሆናል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ለክቶ መጻፍ የማልወደው ለዚህ ነው። ከላይ የምታዩት የፈሳሹን ሬዚስታንስ ነው። ከታች ደግሞ የሚያፈሰውን ታያላችሁ። ካፓሲተሩ ያለው መሃል ላይ ነው።

ያም ሆኖ መሃሉ ቀጥ ያለ መስመር አይሆንም። ዘንበል ይላል። ለዚህ በሞዴሉ ውስጥ በካፓሲተሩ ፋንታ ሌላ ነገር እናስገባለን፤ ኮንስታንት ፌዝ ኤለመንት ይባላል። አንድ ተጨማሪ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር 1 ከሆነ ንጹህ ካፓሲተር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን 0.8 ወይም 0.9 ነው የምታገኙት። ልብ በሉ! ይህ ኤለመንት የሚሰጣችሁ ዋጋ ፋራድ አይደለም። ዩኒቱ ሌላ ነው። ወደ ፋራድ ለመቀየር ቀመር ያስፈልጋል፤ ብሩግና ባልደረቦቹ በ1984 ያወጡት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ዋጋውን እንዳለ ወስዶ «ማይክሮፋራድ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ዛሬውኑ ያስተካክለው።

ጎረቤቶቻችን ይቅር ይበሉኝና አንድ ታሪክ ልናገር። እዚህ ሥራ በጀመርንበት ወቅት ግራፋችን ጠዋት ጥሩ ሆኖ ከረፋዱ በኋላ ያብድ ነበር። ነጥቦቹ ይበታተናሉ። ኤሌክትሮዱን ቀየርን፣ ፈሳሹን ቀየርን፣ ሽቦውን ቀየርን። በኋላ አንዷ ተማሪያችን መስኮቱ ጋ ቆማ «ብየዳ ሲጀምሩ ነው!» አለች። እውነቷን ነበር። የመስመራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብየዳ ሲጨመርበት ግድግዳው ሁሉ ይጮሃል። የወንፊት ሽቦ ገዝተን ሳጥን ሠራን፣ ከመሬት ጋር አገናኘነው፣ ሴሉን ውስጡ አስቀመጥን። ከፍሪኩዌንሲዎቹ ዝርዝር 50 እና 100ን አወጣናቸው። ሳጥኑን የበየዱልን እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው፤ ገንዘብ እንኳ አልተቀበሉንም። ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ እግዜር ይስጥልን።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮምፒውተሩ መልሶ ይበራል፤ ኤሌክትሮዱ ግን በዚያ መሃል አልቆመም። ቮልቴጁ ሲለቀው የራሱን መንገድ ይሄዳል። ኦክሳይዱ ይወፍራል ወይም ይሳሳል፣ ውሃ ይጠጣል። መብራት ከመጣ በኋላ «ካቆምኩበት ልቀጥል» ማለት አይሠራም። ያኔ የምትለኩት ሌላ ገጽ ነው። ብረቱን ከነከራችሁበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። መብራት የጠፋበትንም ጻፉ።

እስካሁን ያወራሁት ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ኦክሳይድ ነው። ሁሉም ኦክሳይድ ግን እንደዚያ አይደለም። የቲታኒየም ኦክሳይድ ሴሚኮንዳክተር ነው። የኔዋ ዝርግ የለበሰችው እሱን ነበር። ሴሚኮንዳክተር ሲሆን ካፓሲታንሱ ከቮልቴጁ ጋር ይለዋወጣል፤ ምክንያቱም ቻርጅ የጎደለበት ቀጠና በኦክሳይዱ ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል። የካፓሲታንሱን ካሬ ገልብጣችሁ ከቮልቴጁ ጋር ስትሥሉት ቀጥ ያለ መስመር ከሰጣችሁ ቆዳው ራሱ እያናገራችሁ ነው። ሞት ሾትኪ የሚባለው ግራፍ ነው። ያን ጊዜ ይህን አንድ ግራፍ ብሠራ ኖሮ ፈታኙ ፊት መልስ ይኖረኝ ነበር።

በሌላ ጫፍ የሩቴኒየም ኦክሳይድ አለ። እሱ እንደ ብረት ነው የሚያሳልፈው። በ1971 ጣሊያናውያኑ ትራሳቲና ቡዛንካ ኩርባው ልክ እንደ ካፓሲተር አራት ማዕዘን መሆኑን አሳዩ። ነገር ግን የሚይዘው ቻርጅ ከድርብ ንብርብር በጣም ይበልጣል፤ ከውሃው ፕሮቶን ወደ ኦክሳይዱ ይገባል፣ ይወጣል። ኮንዌይ የተባለው ሳይንቲስት ይህን ዓይነቱን ሱዶካፓሲታንስ፣ ማለትም ካፓሲታንስ መሳይ፣ ሲል ነው ያስረዳው። እዚህ ስህተቱ በተቃራኒው ነው። አሉሚኒየም ላይ ቁጥሩ አንሶ ያታልላል፤ ሩቴኒየም ላይ በዝቶ ያታልላል።

ልቤ ያለው ግን ኒኬል ላይ ነው፤ እዚህ ካላችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት በሱ ነውና። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣት ትፈልጋላችሁ። እኔም እፈልጋለሁ። ከግድብ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ያለው አገር ይህን ቢያጠና ያምርበታል። ኒኬል አልካሊ ውስጥ፣ ማለትም ቤዝ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ፣ ሲገባ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይለብሳል። ያ ሃይድሮክሳይድ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮን በደንብ አያሳልፍም። ከሃይድሮጅን ማጣቀሻ አንጻር ወደ 1.4 ቮልት ሲጠጋ ይለወጣል፣ ማሳለፍ ይጀምራል። ኦክስጅን የሚወጣው ከዚያ በላይ ነው። እኛ ግን ካፓሲታንሱን የምንለካው የት ነው? ምላሽ በሌለበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ። ማለትም ገጹ ባልነቃበት። ተኝቶ ያየነውን ሰው ጉልበት እንገምታለን።

ከዚያ ያንን ቁጥር ለ40 እናካፍለዋለን። በሥነ ጽሑፉ የተለመደ ነው፤ ለአልካሊ በስኩዌር ሴንቲሜትር 40 ማይክሮፋራድ ይወሰድና «እውነተኛው የገጽ ስፋት ይህ ነው» ይባላል። ለተለያዩ ብረቶች በአልካሊ ውስጥ የተዘገቡት ዋጋዎች ከ22 እስከ 130 ይደርሳሉ። ወደ ስድስት እጥፍ ልዩነት ነው። አንዱ «የኔ ኒኬል ካንተ አምስት እጥፍ ይሠራል» ቢል ጠቅላላ ልዩነቱ ከዚህ አንድ ቁጥር ምርጫ ሊመጣ ይችላል። የተሻለ መንገድ አለ። ኦክስጅን በሚወጣበት ቮልቴጅ ላይ በኢምፒዳንስ መለካት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ ኦክሳይዱ ነቅቷል፣ ገጹ ላይ የተጣበቁት ሞለኪውሎች የሚሰጡት ካፓሲታንስ ይታያል። ከባድ ነው። አረፋው ያስቸግራል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ግን የምትጠይቁትን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው።

ጉዳዩን ይህን ያህል የማከብደው በምክንያት ነው። ከናንተ አንዳችሁ አንድ ቀን ውሳኔ የሚሰጥበት ቁጥር ትጽፋላችሁ። አንድ ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ጊዜውን፣ ገንዘቡን ያወጣል። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የድርብ ንብርብሩን መለየት ካልቻላችሁ «የገጹ ጠቅላላ ካፓሲታንስ» ብላችሁ ጻፉ። ይህን መጻፍ አያሳፍርም። አሉሚኒየም ላይ ከዚህ የተሻለ ታማኝ ስም የለም። ቮልቴጁን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ፈሳሹን፣ ፒኤቹን፣ ብረቱ የተነከረበትን ደቂቃ፣ ማሽኑ በደረጃ ይሂድ በአናሎግ፣ ሁሉንም አስፍሩ።

አሁን ወደ ውስጥ እንገባለን። ሳጥኑ ውስጥ አራት የአሉሚኒየም ቁራጮች ከጠዋት ጀምሮ ተነክረዋል። አንደኛው ተፈጥሯዊ ቆዳው ብቻ ነው ያለው። ሌሎቹን ትናንት ማታ ቦሬት በሚባለው የቦሮን ጨው ፈሳሽ ውስጥ በ5፣ በ10 እና በ20 ቮልት አወፍረናቸዋል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ በአንድ ቮልት ወደ 1.3 ናኖሜትር ያድጋል። የመጨረሻው እንግዲህ 26 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከ0.3 ማይክሮፋራድ ብዙም ማለፍ የለበትም። የ10 ቮልቱ 0.6፣ የ5 ቮልቱ 1.2 አካባቢ ነው መሆን ያለበት። እናንተ ራሳችሁ ትለካላችሁ። የካፓሲታንሱን ግልባጭ ከቮልቱ ጋር ሥሉት፤ መስመሩ ቀጥ ካለ በዓይን የማይታየውን ቆዳ በገዛ እጃችሁ ለክታችኋል። ከዚያ መስመሩን ወደ ዜሮ ቮልት አስረዝሙትና የድርብ ንብርብሩን ድርሻ ከዚያ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ሞክሩ። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልረካሁም። የስህተቱ ስፋት ከምፈልገው ቁጥር ይበልጣል።

ጎረቤቶቻችን እስከ ስድስት ሰዓት ብየዳ እንደማይጀምሩ ቃል ገብተውልናል። አሁን አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። ጓንቱ በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አለ። አራት አራት ሆናችሁ ግቡ።